ስለ አሊቴና ቁምስና ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአዲስ ቅዳም ሰው፥ በንግድ የሚኖር እግዚአብሔርንም የሚፈራ፥ ወደ ትግራይ ሄዶ በተመለሰ ጊዜ ወደ ቤቴ መጣና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «የኔታ፥ በአዲግራት በኩል አልፌ ኢሮብ ከሚባል አገር ደርሼ ነበር። ሰንበት ሆነና የቅዳሴ ድምፅ ሰማሁ። ካህናቱ እንደኛ በግእዝ ይቀድሳሉ፥ ሕዝቡም ይመልሳል። ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜ አስቀደስሁ። ከወጣሁ በኋላ ግን ካቶሊኮች መሆናቸውን ነገሩኝ። በድያለሁን?» አለኝ።

እኔም በዚያን ጊዜ አጭር መልስ ሰጥቼ አሰናበትሁት። ነገር ግን ከሄደ በኋላ መልሴ ለራሴም አልበቃኝም። ሰውየው የጠየቀኝ ስለ ሥርዓት ብቻ አልነበረም፤ የእኛን ዜማና የእኛን ቋንቋ በሌላ ቤት ሰምቶ ልቡ ስለ ታወከ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ደግሞ ታሪኩን ሳያውቁ መመለስ፥ ምሥጢሩን ሳያገኙ ቅኔ እንደ መምራት ነው። ስለዚህ በኢሮብ ምድር ያለው የአሊቴና ቁምስና ማን እንደ ተከለው፥ እንዴትም ጸንቶ እንደ ቆየ ያገኘሁትን ያህል ለካህናት ወንድሞቼና ለአንባቢዎች ሁሉ ለመጻፍ አሰብሁ። ዘመኑን የምቈጥረው ሁሉ በእኛው በዓመተ ምሕረት ነው።

አሊቴና ከአዲግራት ወደ ሰሜን ምሥራቅ፥ ምድሩ ከደጋው ተቈርሶ ወደ አፋር በረሃ በሚወርድበት ገደላም አገር ያለች የኢሮብ ሕዝብ መንደር ናት። የኢሮቦች ቋንቋ ሳሆ ነው፤ ትግርኛም ያውቃሉ። በገደሉ ወገብ እርከን እየሠሩ ያርሳሉ፥ ከብትና ፍየል ያረባሉ፥ ማራቸውም የተመሰገነ ነው። በዚሁ ምድር የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ገዳም የነበረው ጉንዳ ጉንዶ ይገኛል። እነዚህ መነኮሳት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ስለ ሃይማኖት ክርክር ብዙ መከራ የተቀበሉ ናቸው። እንግዴህ ያ ገደል ፈረንጅ ሳያውቀው በፊትም ለተሰደደ መነኩሴ መጠጊያ የሆነ አገር ነበረ ማለት ነው።

ካቶሊኮች አንድ ካህን የሚጠብቀውን አጥቢያ ቁምስና ይሉታል፤ ቃሉ ቆሞስ ከሚለው ከእኛው የማዕርግ ስም የወጣ ነው። በባሕር ማዶ የፈረንሣይ ሰዎች ያቆሙአቸው የገጠር ቁምስናዎች ብዙ ናቸው። ከሁሉም የታወቁት በካናዳ ያሉት ናቸው። በ1600 ዓመተ ምሕረት ሳሙኤል ዴ ሻምፕላን የኬቤክን ከተማ ከመሠረተ በኋላ፥ ከፈረንሣይ ገበሬዎች ከነሚስቶቻቸው ተሻግረው በታላቁ በሴንት ሎራን ወንዝ ዳር መሬት ይዘው ሠፈሩ፤ ካህኑም ተከትሎአቸው ሄደ። በ1755 ያ አገር ለእንግሊዝ መንግሥት ቢገባም ቁምስናቸውና ቋንቋቸው እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ መሬቱን የሚያርሰው፥ ልጁንም ክርስትና የሚያስነሣው ሕዝብ ከስፍራው አልተነቀለምና።

በኢሮብ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ወደዚያ ፈረንሳዊ ገበሬ አልሄደም፥ ፈረንሳዊ መንደርም አልተቈረቈረም። የሄደው ካህን ብቻ ነው። የዘሩ ባለቤት እንግዳ ሲሆን እርሻው የአገሬው ነበረ። ታዲያ እንግዳው ካህን በሄደ ጊዜ ቁምስናው ስለ ምን አብሮ አልጠፋም? ይህን ለማስተዋል አስቀድመን ወደ ገዛ አገራችን ወደ ጎጃም መመለስ ይገባናል፤ በዚህ የሆነው ነገር የዚያ ተቃራኒ ነበረና።

ከአዲስ ቅዳም ወደ ምሥራቅ ብንሄድ የዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይ ይገኛል። በ1610 ዓመተ ምሕረት ከንጉሡ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ዘምቶ ያን ምንጭ ያየውና የጻፈው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ጴጥሮስ ጳኤዝ ነው። ይህ ሰው ትውልዱ ከእስጳንያ ሲሆን በ1595 ወደ አገራችን ገብቶ ግእዝንም አማርኛንም ተምሮ ነበር። ጠባዩም ትዕግሥተኛ እንደ ነበረ ወዳጅም ጠላትም ይመሰክርለታል። የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የጎጃም ገዥ ሳለ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብሎ ለኢየሱሳውያን ታላቅ ረዳት ሆናቸው። በቆለላ መኖሪያ ተሰጣቸው፤ በእነብሴም በመርጡለ ማርያም በኖራና በድንጋይ የተሠራ ያማረ ሕንፃ አቆሙ።

ጳኤዝ በ1614 ዐረፈ። በ1617 ከሮም ፓትርያርክ ተብሎ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የትዕግሥት ሰው አልነበረም። የተጠመቀው ሕዝብ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም ክህነታቸው እንደ ገና እንዲሰጣቸው፥ ታቦቱ እንዲወጣ፥ የበዓላት አቈጣጠር እንዲለወጥ፥ ግዝረትና የቀዳሚት ሰንበት አከባበር እንዲቀር ጠየቀ። በ1618 ንጉሡ በአደባባይ ለሮም ፓፓ እንደሚገዛ ማለ። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ እሳት ሆነ። በላስታ መልክዐ ክርስቶስ ተነሣ፥ የአገው ገበሬም ከእርሱ ጋር ተነሣ። ብዙ ሺህ ሕዝብ ካለቀ በኋላ በ1624 ዐፄ ሱስንዮስ «የአባቶቻችሁ ሃይማኖት ተመልሶላችኋል» የሚል ዐዋጅ አስነግሮ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጣቸው።

እንግዴህ አንባቢ ሆይ፥ ከዚያ ሁሉ የተረፈው ምንድር ነው? በጎርጎራና በመርጡለ ማርያም የፈረሰ ግንብ ይታያል፤ ከግንቡ ሥር ግን የእነርሱን ጸሎት የሚጸልይ አንድ ቤተ ሰብ እንኳ አልቀረም። ንጉሥ ረድቶአቸው ነበር፥ የጦር አለቃ ረድቶአቸው ነበር፥ መሬትም ወርቅም አግኝተው ነበር። ይሁን እንጂ በሰይፍ ጥላ የተተከለው ሰይፉ ሲመለስ ጠወለገ። ከዚህ የተነሣ ከሁለት መቶ ዓመት ለሚበልጥ ዘመን ፈረንጅ ካህን የሚለው ስም በጎጃም በጐንደርም እንደ ተላላፊ በሽታ የሚፈራ ሆነ።

ነገር ግን ሜንዴዝ ወደ ኢትዮጵያ በገባበት በዚያው በ1617 ዓመተ ምሕረት፥ በፓሪስ ከተማ ቪንሰንት ዴ ፖል የሚባል ካህን አንድ ማኅበር አቋቁሞ ነበር። የማኅበሩም ሥራ ቃለ እግዚአብሔር ያልደረሰለትን የገጠር ድኻ ማስተማር ነው። በፓሪስ በቅዱስ አልዓዛር ቤት ስለ ተቀመጡ ላዛሪስት ተባሉ። በዚያ ዘመን ይህ ማኅበር ከኢትዮጵያ ጋር ይገናኛል ብሎ ማንም አላሰበም።

ያገናኙአቸው ፈረንሳውያን ሊቃውንት ናቸው። በ1830 ዓመተ ምሕረት አንቷንና አርኖ ዳባዲ የተባሉ ወንድማማቾች ምፅዋ ወርደው ወደ አድዋ ሲወጡ ሳፔቶ የሚባል አንድ የላዛሪስት ካህን አብሮአቸው ነበረ። አርኖ ወደ ጎጃም መጥቶ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ተወዳጀ፤ አንቷን ደግሞ ቋንቋችንን አጥንቶ ከ200 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ፤ እነርሱም ዛሬ በፓሪስ በመንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የሳፔቶ ደብዳቤ ወደ ሮም በደረሰ ጊዜ ማኅበሩ ሌላ ካህን ላከ። እርሱም ዩስቲኖስ ዴ ያዕቆቢስ ነው፤ በአገራችን ስሙ አቡነ ያዕቆብ ይባላል።

አቡነ ያዕቆብ ትውልዱ ከኢጣልያ ከኔፕልስ መንግሥት ነው፤ ማኅበሩ ግን የፈረንሣይ ነበረ፥ በኋላ የተተኩትም ጳጳሳት አብዛኞቹ ፈረንሳውያን ናቸው። በ1832 አድዋ ገባ። ሲገባም እንደ ሜንዴዝ መለከት አላስነፋም። ቤት ዘግቶ ግእዝንና አማርኛን ትግርኛንም ተማረ፤ እንደ አገሩ መነኩሴ ለበሰ፥ እንደ አገሩ ጾመ፥ በመደብ ላይ ተኛ። ሰዎች ሊጠይቁት በመጡ ጊዜ ለክርክር አልቸኰለም። ከሁሉ ይልቅ የቅዳሴያችንን ሥርዓት ሊሽር አልፈቀደም። ሜንዴዝ ሊነቅለው የወደደውን ግእዝ እርሱ ለራሱ ቤት ምሰሶ አደረገው። በሃይማኖት ከእርሱ ጋር የምንለያይበት ነገር አለ፤ ይኸውም ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ የመጣው የምሥጢረ ሥጋዌ ትምህርትና የሮም ፓፓ ሥልጣን ነው። ጥበቡን ግን መካድ አይቻልም።

በ1833 የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብጽ መልእክተኞች ሲልክ አቡነ ያዕቆብን አብሮ እንዲሄድ ለመነው። ከመልእክተኞቹም አንዱ የጎጃም ሰው አባ ገብረ ሚካኤል ነበረ። እስክንድርያ የሰጠችው ጳጳስ አቡነ ሰላማ የሚባለው ወጣት ነው። ከመልእክተኞቹ አንዳንዶቹ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ወደ ሮም ሄደው ከፓፓ ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፤ ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ተመለሱ።

ስለ አባ ገብረ ሚካኤል ጥቂት ልናገር፤ የአሊቴና ታሪክ ያለ እርሱ አይገባምና። በ1783 ገደማ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ በዲቦ ተወለደ። በሕፃንነቱ አንድ ዐይኑ ጠፍቶበት ነበር። በመርጡለ ማርያም ተማረ፥ መነኰሰ፥ ከዚያም የእውነተኛውን ሃይማኖት መጽሐፍ እየፈለገ ከገዳም ወደ ገዳም ዞረ፤ በጐንደርም መምህር ሆነ። ኢየሱሳውያን ካቆሙት ከፈረሰው ግንብ አጠገብ ያደገ ልጅ ነው። በግንቡ አልሳቡትም፤ ግንቡ ከፈረሰ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ግን አንድ ትሑት ካህን አገኘውና በ1836 የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበለ።

ስለ ምን ተቀበለ? ይህን ስንጠይቅ ጣታችንን ወደ ሌላ ብቻ አንቀስር። በዚያ ዘመን የእኛ ሊቃውንት በሦስት ተከፍለው ነበር። አንዱ ቅባት፥ አንዱ ጸጋ፥ አንዱ ካራ ይባል ነበር። አንዱ ሌላውን ያወግዛል፥ ገዥውም ሁሉ እንደ ወደደው ወገን ይይዛል። የቅባት አገር ልጅ የሆነ አንድ ተመራማሪ መነኩሴ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ዞሮ ዕረፍት ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ጳጳሱ ደግሞ ከግብጽ የሚመጣ፥ የሕዝቡን ቋንቋ የማያውቅ ነበረ። አቡነ ያዕቆብ የገባው በተሰነጠቀ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳውን የሰነጠቀው ግን እርሱ አልነበረም። ክርክሩን ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በ1870 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪዘጉት ድረስ ብዙ ነፍስ ጠፍቶበታል።

በ1837 አቡነ ያዕቆብ በአዲግራት አጠገብ በጓላ የካህናት ትምህርት ቤት አቆመ። አባ ገብረ ሚካኤልም በዚያ አብሮት እያስተማረ የክርስትናን ትምህርት ባገሩ ቋንቋ ለመጻፍ ረዳው። አቡነ ሰላማ ይህን በሰማ ጊዜ አወገዘ፤ እንደ ሹመቱ መንጋውን መጠበቁ ነውና ስለ ማውገዙ አንደነቅም። ጓላ በተበተነ ጊዜ እነአቡነ ያዕቆብ የተጠጉት ወደ ኢሮብ ገደል ነው። የአሊቴና ቁምስና መጀመሪያ እንግዴህ በ1830ዎቹ መጨረሻ የሆነ ነው። ኢሮቦች ከጥንት ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ነገር ግን ካህንና ትምህርት አንሶአቸው እንደ ነበረ ይነገራል። የመጣላቸውን መምህር ተቀበሉ፤ ልጆቻቸውንም ለትምህርት ሰጡት።

በ1841 የካፑቺን ማኅበር ጳጳስ ማሳያ በምፅዋ በሌሊት፥ የቱርኮችን ሁከት እየፈሩ፥ አቡነ ያዕቆብን ጵጵስና ሾመው። እርሱም በ1843 አባ ገብረ ሚካኤልን ቅስና ሾመው። በ1846 ግን ደጃዝማች ካሣ፥ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው፥ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተማምሎ አገሩን ሁሉ በአንድ ሃይማኖት ሊያደርግ በተነሣ ጊዜ ሁለቱም በጐንደር ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብን ወደ ድንበር አስወጡት። አባ ገብረ ሚካኤልን ግን በሰንሰለት አስረው ከሰፈር ወደ ሰፈር፥ ከዘመቻ ወደ ዘመቻ አንገላቱት። በ1847 በወሎ በመንገድ ላይ ከእግር ብረቱ ጋር ሞተ። ዕድሜው ከስድሳ ዓመት አልፎ ነበር። ሮም በ1919 ብፁዕ ብላ ሰየመችው።

እኔ የጎጃም የቅኔ ተማሪ ነኝ። ስለዚህ ሰው በጉባኤ ቤት ሲነሣ «የካደው» ከማለት በቀር ሌላ ነገር ሰምቼ አላውቅም። የተከተለውን ትምህርት እኔ አልከተልም። ነገር ግን አንድ የአገራችን መምህር፥ አንድ ዐይና ሽማግሌ፥ ስለሚያምነው ነገር ሰንሰለት ተሸክሞ መሞቱን መሸሸግ ለሃይማኖታችን ምን ይጠቅማል? ኢየሱሳውያን በአገው ገበሬ ላይ ያመጡትን ሰይፍ ስናወግዝ፥ በዚህ ሽማግሌ እግር ላይ የገባውን ብረት ዝም ብንል ፍርዳችን በሁለት ሚዛን ሆነ ማለት ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ የእነዚያን ካህናት ጥፋት መሸሸግ አይገባም። ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር በትግራይ የተከራከረው የደጃዝማች ውቤ ዘመድ አገው ንጉሤ የፈረንሣይን ንጉሥ የናፖሌዎን 3ኛን ረድኤት ለማግኘት ዙላን ከባሕር ዳር ሊሰጥ ተስማምቶ ነበር፤ በዚያም ነገር የካቶሊክ ካህናት ወዳጅነት ነበረበት። መነኩሴ ለባዕድ መንግሥት ድልድይ ከሆነ የሚያስተምረው ወንጌል ይጠረጠራል። ፈረንሳዮቹ በጊዜው አልደረሱለትምና አገው ንጉሤ በ1853 ተይዞ ተገደለ። አቡነ ያዕቆብ በ1852 ወደ ሐላይ ሲወጣ በአሊጋዴ ሸለቆ በመንገድ ላይ ዐርፎ በሄቦ ተቀበረ። ሮም በ1968 ቅዱስ ብላ አወጀችለት።

ከእርሱ በኋላ ቤል፥ ቱቪዬ፥ ክሩዜ የሚባሉ ፈረንሳውያን ጳጳሳት እየተተካኩ መጡ። ከካህናቱም ኩልቦ የሚባለው የኢትዮጵያን ታሪክና የአባ ገብረ ሚካኤልን ገድል በፈረንሳይኛ ጻፈ። በዚህም መካከል ኢጣልያ በ1877 ምፅዋን ያዘች፤ በ1882 ኤርትራ ያለችውን ቅኝ አገር አቋቋመች። ካቶሊክ መንግሥት በመጣ ጊዜ ለካቶሊክ ካህናት ደስታ ይሆንላቸዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። በታኅሣሥ ወር 1887 የሰገነይቲው ካቶሊክ ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ ገበሬው መሬቱን በመነጠቁ በኢጣልያኖች ላይ ተነሥቶ በሐላይ ወደቀ። ኢጣልያኖችም ፈረንሳውያኑን ላዛሪስቶች በዚህ ነገር ጠርጥረው በዚያው ዓመት ከኤርትራ አባረሩአቸው። ስፍራቸውንም ለኢጣልያ ካፑቺኖች ሰጡ።

ያን ጊዜ ለፈረንሳውያኑ የቀረላቸው በኢትዮጵያ ወገን ያለው አሊቴና ነበረ። ከአድዋ ድል በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደዚያ ተመልሰው ትምህርት ቤቱን አጸኑ። ካቶሊክ መንግሥት ያባረራቸውን ኦርቶዶክሳዊ ንጉሥ አስገባቸው፤ የመንግሥት ነገር እንዲህ ነው። በሐረርም የፈረንሣይ ካፑቺኖች እንዲሁ ነበሩ። ጳጳሳቸው አባ እንድርያስ ዣሮሶ የልጅ ተፈሪ መምህርና ወዳጅ ነበረ። ደቀ መዝሙሩ አባ ሳሙኤል በ1907 በሐሮማያ ሐይቅ ጀልባ በተገለበጠ ጊዜ ሞተ። ሽማግሌውን አባ እንድርያስን ከሐረር ያባረሩት ግን በወረራው ዘመን የፋሺስት ኢጣልያ ሹማምንት ናቸው።

ዛሬ ፈረንሳውያኑ የሉም። የአዲግራት ሀገረ ስብከት በ1953 በሥርዓቱ ቆመ፤ የመጀመሪያውም ጳጳስ ያገር ልጅ አቡነ ኃይለ ማርያም ካሕሳይ ነበሩ። የአሊቴናም መሠዊያ በኢሮብ ልጆች እጅ ነው። በ1990 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲነሣ አሊቴና በጠላት ጦር ተይዛ ሁለት ዓመት ተጨንቃለች፤ በ2013 በጀመረው ጦርነትም ኢሮብ ዳግመኛ ብዙ መከራ ተቀብሎአል። በዚያ ሁሉ መከራ ሕዝቡ ሲበተንና ሲሰበሰብ የሚጸልየው በአባቶቹ ግእዝ ነው።

ከላይ ወዳነሣሁት ጥያቄ ልመለስ። የጎጃሙ ፈርሶ የአሊቴናው የቆመበት ምክንያት ለእኔ ሦስት ሆኖ ይታየኛል። መጀመሪያ፥ ሕዝቡ ከሚያውቀው ጸሎት አልለዩትም። ሁለተኛ፥ ካህኑን ከመንደሩ ልጆች መካከል አስተምረው ሾሙ። ሦስተኛ፥ ከግንብ ይልቅ ትምህርት ቤትን አስቀደሙ። ከእነዚህም አንዱ የሮም ሀብት ብቻ የሆነ የለም። እኛም ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ጳጳሳችንን ከግብጽ ስንቀበል ቆይተን፥ በ1921 የመጀመሪያዎቹን ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት፥ በ1943 ሊቀ ጳጳሱን አቡነ ባስልዮስን፥ በ1951 ደግሞ ፓትርያርኩን ያገኘነው ይኸው እውነት ስለ ገባን ነው።

ነገር ግን ሥራችን ተፈጸመ አልልም። በአዲስ ቅዳም ቅዳሜ ገበያ የቆመ ሰው ብዙው የሚነጋገረው በአውኝ መሆኑን ይሰማል። በማግስቱ በእሑድ እነዚያው እናቶች ቤተ ክርስቲያን መጥተው በዐውደ ምሕረቱ ይቆማሉ። ቅዳሴው በግእዝ ነው፥ ስብከቱ በአማርኛ ነው። ጎልማሳውና የተማረው ይሰማል። ከጓሮዋ ርቃ የማታውቅ አሮጊት ግን «አሜን» ከማለት በቀር የምትይዘው ጥቂት ነው። በንስሓ ጊዜ ኃጢአቷን የምትናገረው በአውኝ ነው፤ ታዲያ ይቅርታውን የሚያስረዳት ትምህርት በአውኝ ቢሆንላት ምን ይጐድላል? ግእዙ በስፍራው ይቆይ፤ የስብከቱ ቋንቋ ግን የሰሚው መሆን ይገባዋል። አንድ ከኔፕልስ የመጣ ሰው ሽምጥጥ ያለ ገደል ወርዶ የሕዝቡን ቋንቋ ለመማር ካልሰነፈ፥ ከዚሁ አፈር የበቀልን የአውኝ ልጆች የእናታችንን ቋንቋ በዐውደ ምሕረት ለመናገር የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ያ ነጋዴ ከጥቂት ወራት በኋላ በገበያ ቀን ደግሞ አገኘኝ። በዚህ ጊዜ የመለስሁለት እንዲህ ነው። «ልጄ ሆይ፥ ከቍርባናቸው አልተቀበልህምና ከቤትህ አልወጣህም፤ በአንድ ጽዋ የምንገናኝበት ቀን ገና አልመጣም፥ ሥርዓቱም አይፈቅድም። የሰማኸው ቃል ግን የአባቶችህ ቃል ነበረ፤ ልብህ ስለ ደነገጠ አልፈርድብህም። ስለ እነዚያ ሰዎች በተነሣ ጊዜ ለእኛ ሲሉ የተዋጉትን ገበሬዎች አስብ፥ በሰንሰለት የሞተውንም ሽማግሌ አስብ፤ በማንኛቸውም ላይ አፍህን አታላቅቅ።» አልሁት።

እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፥ «የኔታ፥ እንግዴህ እናቴ አንድ ቀን በአውኝ የሚሰብክላት ካህን ብታገኝ ደስ ይለኛል፤ የእነርሱ እናቶች የሚሰሙትን አይቻለሁና» አለኝ። ለዚህ የምመልስለት ቃል አላገኘሁም። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከደብሩ አለቃ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አነሣሁ።